የኮርሴሩን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ወር አላባክንም ነበር ብዬ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ በተለይ አፍንጫው አካባቢ ስም ወይም ሥዕል ያለበትን፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

እኔ የመረጥኩት ኮርሴርን ነው። ክንፉ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እንደገና ወደ ላይ የሚነሳው፣ የአሜሪካ ማሪኖች የሚያበሩት አውሮፕላን። ቁጥሩ 86 ነው። ጎኑ ላይ ስም ተጽፎበታል፣ 20 የጃፓን ባንዲራም ተደርድሮበታል፤ እያንዳንዱ ባንዲራ መትቶ ለጣለው አንድ የጃፓን አውሮፕላን ምልክት ነው። ዝነኛው አብራሪ ፓፒ ቦይንግተን ተቀምጦበት ፎቶ የተነሳው እሱ ነው። በ1 ለ48 ልክ ሲሠራ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 26 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

መገጣጠሙ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ቀለሙም አላስቸገረኝም፤ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጎኑ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጭ። ከአብራሪው ፊት ያሉትን ነጭ የቴፕ መስመሮች ግን እንዳትረሱ። እዚያ ያለው የነዳጅ ጋን ስለሚያፈስ መካኒኮቹ መጋጠሚያውን በቴፕ ያሽጉት ነበር።

መከራዬ የጀመረው ስሙ ላይ ስደርስ ነው።

ስሙና ባንዲራዎቹ ውሃ ውስጥ ተነክረው የሚለጠፉ ስስ ምስሎች ናቸው፤ ዲካል ይባላሉ። የኪቱ፣ ማለትም ተበታትኖ በሳጥን የሚሸጠው ሞዴል፣ መመሪያ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ አንሸራታችሁ ለጥፉ። እንደተባልኩት አደረግሁ። ጠዋት ስነሳ በእያንዳንዱ ፊደል ዙሪያ የደረቀ ሳሙና የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። ለካ ቀለሙ የማያብለጨልቅ ዓይነት ከሆነ ላዩ ሻካራ ነው፤ ከዲካሉ ሥር አየር ይቀራል። መጀመሪያ የሚያብለጨልቅ ቫርኒሽ መቀባት ነበረብኝ። መመሪያው ላይ ይህ አንድም ቦታ የለም! በቴፕ ላነሳው ስሞክር ቀለሙ አብሮ ተላጠ፣ ሰባት ባንዲራ ተቀደደ። ለአምራቹ ጻፍኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ «አዲስ ኪት ይግዙ» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መልሱን ስጠብቅ ግን ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ኪቱ የሰጠኝ ስም «ሉሉቤል» ነው። ፎቶው ላይ የሚነበበኝ ግን «ሉሲቤል» ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ልዩነቱ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ለብዙ ዓመት በሁለቱም ሲጻፍ ኖሯል።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ፎቶው የተነሳው ጦር ግንባር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1943 መጨረሻ ኤስፒሪቱ ሳንቶ ደሴት ላይ ነው፣ ያኔ ኒው ሄብሪዲስ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ቫኑዋቱ በሚባለው አገር። ቡገንቪል በምትባለው ደሴት ላይ ይደረግ ከነበረው ውጊያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚያ ትልቅ የባሕር ኃይል ሰፈር ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ቡልዶዘሩንና የጭነት መኪናውን ባሕር ውስጥ የከተቱበት ቦታ እስከ ዛሬ «የሚሊዮን ዶላር ጫፍ» ይባላል። ስሙና ባንዲራዎቹ አውሮፕላኑ ላይ የወጡት ለፎቶ አንሺዎች ነው። ቦይንግተን ሲዋጋ ዝግጁ ሆኖ ያገኘውን አውሮፕላን ነበር ይዞ የሚነሳው። እኔ ግን ስሙን ጭስ በሚመስል ቀለም አጥቁሬ፣ ብዙ ውጊያ ያየ አስመስዬ፣ ቀለሙን በመርፌ ፍቄ ሦስት ሳምንት ለፍቻለሁ። ፎቶ አንሺ ፊት ሊቆም የተዘጋጀ ስም እንዲህ አያረጅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልጠይቅ ገባሁበት።

ደግሞ ይህን ማንም አይነግራችሁም፦ የምድር ጦሩ አየር ኃይል ሥዕሉን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። አብራሪው ሪቻርድ ቦንግ የፍቅረኛውን ፎቶ አስጎልቶ ፒ-38 አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ለጥፎ «ማርጅ» ብሎታል። ማሪኖቹ ያሉበት ባሕር ኃይል ግን ጥብቅ ነበር። ስለዚህ ከኮርሴሮች አብዛኞቹ ቁጥር ብቻ ናቸው። ኪት የሚሸጡት ግን ሥዕል ያለበትን ይመርጣሉ፣ እሱ ነዋ የሚሸጥላቸው።

በመጨረሻ ሙሉውን ጎን ልጬ እንደገና ቀባሁ። ስሙን «ሉሲቤል» ብዬ በእጄ ጻፍኩት፣ ሦስት ዜሮ በሚባለው ቀጭን ብሩሽ። ነጩን ቀለም ቅጥን አድርጉትና ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቡ፤ በአንድ ጊዜ ልጨርስ ካላችሁ ይፈሳል። በዲካል ሥሩ የሚሉትን አትስሙ፣ አጭር ስም በእጅ ይሻላል። ለባንዲራዎቹ ብቻ ከሌላ ቦታ ዲካል ገዛሁ፣ በቫርኒሽ ላይ ለጠፍኩ፣ ነጩ ነገር አልመጣም።

ከዚያ ውድድር ላይ አቀረብኩት። ከዳኞቹ አንዱ የኪቱን ወረቀት አውጥቶ «ስሙ ተሳስቷል» ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። ያጎላሁትን ፎቶ ይዤ ነበር የሄድኩት። አውጥቼ ብሰጠውም ሳያየው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። እሱን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ቦይንግተን ጃንዋሪ 3 ቀን 1944 ራባውል በሚባለው የጃፓኖች ሰፈር አጠገብ ተመትቶ ወደቀ፤ 20 ወር ገደማ በጃፓኖች እጅ እስረኛ ሆኖ ቆየ። የወደቀበት አውሮፕላን ያ ፎቶ የተነሳበት አይደለም። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሁለተኛው ኮርሴር ስም የለውም፣ ባንዲራም የለውም። ጭሱን የምቀባው እሱ ላይ ነው። ቫርኒሹ ትናንት ደርቋል።