ለተረከዜ ሕመም የትኛውን ምስል ልነሳ?

ለወራት አልለቅ ያለኝን የተረከዝ ሕመም ይዤ ሐኪም ዘንድ ስገባ ልቤ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ላይ ነበር። ሐኪሙ ግን "መጀመሪያ ቆመው ራጅ ይነሱ" አለኝ። መቆሙ ለካ ትርጉም አለው፤ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት የእግር ቅስት መውደቁም ሆነ የአጥንቶች አሰላለፍ ተኝተው ከሚነሱት ይልቅ በደንብ ይታያል።

ራጁ ላይ ከተረከዜ ሥር የበቀለ ሹል አጥንት ታየ። "ይኸው ተገኘ!" አልኩ። ሐኪሙ ምንም አልመሰለውም፤ እንዲህ ያለው ሹል ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ላይም አለ። ውስጥ እግሬን በአውራ ጣቱ ሲጫነው እምብዛም አላመመኝም። ተረከዜን ከግራና ከቀኝ በመዳፉ ሲጨምቀው ግን ከአልጋው ተነሥቼ ነበር። ለእኔ ከሁሉም ምርመራ የላቀው ይህ ነው፤ ጥርጣሬውን ወደ አጥንቱ ያዞረው እሱ ነውና።

ያም ሆኖ ከውስጥ እግር ሥር ያለው ወፍራም ጅማት እንዳይሆን በአልትራሳውንድ ታየ። ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወፈረ ይቆጠራል፤ የእኔ ከዚያ በታች ነው። አልትራሳውንድ ለጅማት፣ ለፈሳሽ፣ በጣቶች መካከል ላለ የነርቭ እብጠት ጥሩ ነው፤ አጥንት ውስጥ ግን አይገባም። ሲቲ ስካንስ? እሱ የአጥንትን ቅርጽ አጥርቶ ያሳያል፤ ከውልደት ጀምሮ የተያያዙ አጥንቶች ሲጠረጠሩ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታቀድ ይመረጣል። ጨረር አለው፤ መቅኒ ውስጥ የሚቋጠርን ፈሳሽ ደግሞ እንደ ኤምአርአይ አያሳይም።

ያኔ ነው ኤምአርአይ ተራው የደረሰው። ማዘዣው ላይ "የእግር ሕመም" ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ምን እንደሚፈልግ በምን ያውቃል? የተጻፈው "ተረከዙ ሲጨመቅ ያመዋል፤ ከጫና የመጣ ስንጥቅ ይኖር ይሆን?" የሚል ነበር። ምስሉን የሚያነሳው ባለሙያ ሰውነቴ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መኖር አለመኖሩን ከጠየቀኝ በኋላ፣ ሕመሙ የሚብስበት ቦታ ላይ ትንሽ የዘይት እንክብል በፕላስተር ለጠፈልኝ፤ ምስሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ቦታውን ያመለክታል።

ውጤቱ፣ አጥንቱ ገና ሳይሰነጠቅ መቅኒው በጫና አብጧል። ራጅ እንዲህ ያለውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ጭራሽ፣ አያሳይም። ጅማቱ ላይ ሊሰጠኝ ታስቦ የነበረው መርፌ ቀርቶ ክብደት የሚያቀል ቡት ጫማና ከረጅም መንገድ ዕረፍት ታዘዘልኝ።