የቼልሲዋ ጥንዚዛ

እረፍት ስሆን ይደብረኛል፤ ታውቁኛላችሁ። ቤት ከምቀመጥ ብዬ ወጣሁ፣ ለንደን ውስጥ ሳውዝ ኬንሲንግተን ስደርስ ዝናቡ ያዘኝ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መግቢያው በነፃ ነው፣ ገባሁ። ለእታለም መልሼ መደወል አለብኝ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሦስቴ ደውላለች። ጸጥ ያለ ቦታ ስፈልግ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ደረስኩ።

ፎቁ በሙሉ የሸክላ ነው። የመስታወት ቁም ሳጥኖቹ በሰሃንና በስኒ ተጠቅጥቀዋል። እናቱ ቡፌ የሚወዱ ሰው ይገባዋል፦ ይታያል እንጂ አይነካም።

አንዲት ሰሃን ፊት ቆምኩ። እዚያው ለንደን፣ ቼልሲ ሰፈር የተሠራች፣ የ1750ዎቹ። መሃሏ ላይ ትልቅ ቅጠል፣ ጠርዟ ጋ ደግሞ አንዲት ጥንዚዛ። ብቻዋን። ከቅጠሉ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ሰዓሊው ደስ ብሎት ነው አልኩ። ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ፖርሴሊን የሚባለውን ነጭ ስስ ሸክላ መሥራት ገና እየተለማመዱ ነበር። ሰሃኑ ከምድጃ ሲወጣ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ይገኝበታል። መጣሉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ እንከኑ ላይ ቢራቢሮ ወይም ጥንዚዛ ይሳልበታል፣ አለቀ። የቼልሲን ሰሃን ወደ ብርሃን ብታነሱት ደግሞ ውስጡ ፈካ ያሉ ክቦች ይታያሉ፤ "ጨረቃ" ይሏቸዋል። እነሱን እንኳን ጥንዚዛ አይሸፍናቸውም።

ስኒዎቹማ ብሰው ነበር። አንዳንዱ ፈላ ውሃ ሲገባበት ጧ! ይላል። በ1751 የተቋቋመው የዉስተር ፋብሪካ ነው ለስላሳ ድንጋይ ፈጭቶ ጭቃው ውስጥ እየጨመረ፣ ሙቀት የሚችል ስኒ የሸጠላቸው። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ጆሮ የላቸውም፣ ረከቦት ላይ ብትደረድሯቸው ማንም አይጠይቅም። ለነገሩ "ስኒ" የሚለው ቃላችን ራሱ በዐረብኛ "የቻይና" ማለት ነው። እንግሊዞቹም ሸክላውን "ቻይና" ነው የሚሉት። ሁላችንም ሻይና ቡናችንን የምንጠጣው በሰው አገር ስም ነው።

ወደ ጥንዚዛዋ ተመለስኩ። ከሥሯ ያለው ምን ይሆን? ነጥብ? ስንጥቅ? አንገቴን አጣምሜ አየሁ፣ አጎንብሼ አየሁ። ጥበቃው ያየኝ ጀመር።

ስወጣ ዝናቡ አባርቷል። እታለም አራተኛ ደውላለች። "ይቅርታ እታለም፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ" ብዬ ጻፍኩላት።

እሁድ ከሰዓት! እንከኔን የምሸፍንበትን ጥንዚዛ እንኳን በቅጡ መሳል አልችልም።