የካልሲው ክስ

ሐይቅ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ይቺን ያዙልኝ፣ ጉዱን ያከበደችው እሷ ናት።

አክስቴ ቅቤ ቋጥራ ሰጠችኝ። ለጋ እንዳይመስላችሁ፣ በሳል ነው። ፌስታል በፌስታል አድርጋ አሰረችው። እስከ ደሴ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ፤ ምንም አልሸተተኝም። መናኸሪያ ደርሼ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ያዝኩ። ፌስታሉን ከወንበሩ ስር ሸጎጥኩና ቡና ልጠጣ ወረድኩ። የወሎ ቡና ደግሞ አይቸኮልበትም። ሚኒባሱ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ስመለስ አንድ ሽታ ሰነፈጠኝ። ካልሲ! ያውም የሳምንት። አጠገቤ አንድ ወጣት ነጭ ሸራ ጫማውን ፈታ አድርጎ ተቀምጧል። በቃ፣ ፈረድኩበት።

"ወንድሜ፣ ጫማህን ብታስረው?"

"የኔ ነው እንዴ?" አለ ደንግጦ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? "አየህ፣ እግር ላይ ያለ ባክቴሪያ አይሶቫለሪክ አሲድ ይሠራል። ሞለኪውሉ ተንኖ አፍንጫችን ጣራ ላይ ካሉ የሽታ ተቀባዮች ጋር ይገጥማል። ወደ 400 ዓይነት ናቸው። አንዱ ሞለኪውል ብዙዎቹን ይነካል፣ አንዱ ተቀባይም ብዙ ሞለኪውል ያስተናግዳል። አንጎል የሚያነበው የትኞቹ አብረው እንደተነኩ ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የተቀባዮቹን ጂኖች በፈረንጆች 1991 ይፋ አድርገው፣ በ2004 ኖቤል..."

"ሒሳብ!" አለ ረዳቱ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፣ ሽታውም ባሰ። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። እኔም ልጁን በዓይኔ ገላመጥኩት።

ከኋላ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አነሱ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ የእግር አይደለም። የቅቤ ነው። ደሞ እየፈሰሰብህ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቢጫ ቅባት ከፌስታሌ ወጥቶ፣ የወንበሩን እግር ዞሮ፣ ቀጥ ብሎ ነጩ ጫማ ላይ አርፏል።

በሳል ቅቤ እንዲሸት የሚያደርገው ቡቲሪክ አሲድ ነው። ባለ 4 ካርቦን ነው፤ የእግሩ ባለ 5። ዘመዳሞች ናቸው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚያንኳኩት በርም ይጋራሉ። ከሐይቅ እስከ ደሴ ያልሸተተኝ ደግሞ አፍንጫዬ ስለለመደው ነው። ቡናው ላይ አረፍ ሲል አዲስ ሆነበት። ይሄን ሁሉ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ እኮ!

"አብሽር" አሉኝ እናትየው፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ልጁ ጫማውን አንስቶ አሸተተው። "ቲቸር" አለኝ፣ "አሁንስ እውነትም ይሸታል።"