የእግር ጉዞ ቦርሳ ምን ያህል ጠንካራ መሆን አለበት?

ቦርሳ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጨርቁን በጣቱ ይቆነጥጣል። ወፍራም ከሆነ ደስ ይለዋል፣ ሳሳ ካለበት መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔ ግን መቆንጠጡን ትቶ ቦርሳውን ገልብጦ ውስጡን ቢያይ እመርጣለሁ። ጨርቁ መሃል ለመሃል ተቀዶ የሚጣል ቦርሳ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚያልቀው በማንገቻው ስፌት፣ በዚፑ፣ በዘለበቱ እና በታችኛው ማዕዘኑ በኩል ነው።

መለያው ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር በመጀመሪያ። ዴኒየር የሚባለው 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚነግር መለኪያ ነው። ባለ 210 ዴኒየር ክር 9,000 ሜትሩ 210 ግራም ይመዝናል። ቁጥሩ ውፍረትን ብቻ ስለሚናገር፣ ባለ 600 ዴኒየር ፖሊስተር ከባለ 420 ዴኒየር ናይለን ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። እኩል ውፍረት ላይ ናይለን መፈተግንና መቀደድን ከፖሊስተር በተሻለ ይችላል። ፖሊስተር በበኩሉ ፀሐይን የበለጠ ይቋቋማል፣ ሲረጥብም እንደ ናይለን አይለጠጥም። ጨርቁ ላይ እንደ ካሬ ደብተር የተሰመሩ ወፈር ያሉ ክሮች ካሉት፣ አንዴ የተጀመረ ቀዳዳ እየሰፋ እንዳይሄድ ያግዱታል። ቀዳዳው እንዳይጀመር ግን አያደርጉም።

ምልክት ባለበት፣ በተጠረገ መንገድ ላይ ከ10 ኪሎ በታች ለሚሸከም ሰው ከ100 እስከ 210 ዴኒየር ናይለን በቂ ነው። ሸክሙ ወደ 15 ኪሎ ሲጠጋ ገላው 210፣ መቀመጫው ደግሞ 420 ወይም 500 ቢሆን ጥሩ ነው። በእሾህና በቋጥኝ መሃል መንገድ እያበጁ ለሚሄዱ፣ ቦርሳውን በገመድ ገደል ላይ ለሚጎትቱ ከ500 ጀምሮ ያስፈልጋል። ባለ 1,000 ዴኒየር የዚህ የመጨረሻው ሥራ ጨርቅ ነው። ቅብ ያለው 210 ዴኒየር ናይለን በካሬ ሜትር 140 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ባለ 1,000ው ወደ 380 ግራም ይጠጋል። አንድ ባለ 50 ሊትር ቦርሳ ከ1 ካሬ ሜትር በላይ ጨርቅ ስለሚወስድ፣ ልዩነቱ ቢያንስ ሩብ ኪሎ ነው። ያ ሩብ ኪሎ ከጉዞው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትከሻ ላይ ይቆያል።

ገንዘብም ትኩረትም ሊወጣበት የሚገባው ቦታ ማንገቻው ከጀርባው ጨርቅ ጋር የተሰፋበት ነው። እዚያ ላይ የላይኛውን የማንገቻ ጫፍ በአንድ እጅ፣ ቦርሳውን በሌላው ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። ስፌቱ ሲከፈት የመርፌ ቀዳዳዎቹ ክብ እንደሆኑ ከቆዩ ደህና ነው። ወደ ሞላላነት ከተለወጡና ብርሃን ካሳለፉ፣ ሸክሙን የያዙት ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው ማለት ነው። በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ 3 ወይም 4 የመርፌ ርምጃ ይበቃል። ከዚያ ሲሳሳ ጭነቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፋል። ከዚያ በጣም ሲበዛ ደግሞ ጨርቁ እንደ ወንፊት ይበሳና በቀዳዳዎቹ መስመር ይቀደዳል። ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው ትርፍ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ይሁን። 4 ሚሊሜትር ብቻ የተተወለት ስፌት ክሩ ሳይበጠስ ጨርቁ ራሱ እየተተረተረ ይለቃል፤ ይህን ደግሞ መልሶ ለመስፋት የሚይዝ ጨርቅ አይገኝም። ጠርዙ በሪባን መሸፈኑንም፣ ማሰሪያዎቹ የተያዙበት ቦታ ላይ አንድ ቦታ ተደጋግሞ የተመታ ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ መኖሩንም እዩ።

ይህን ስፌት ከሁሉ በላይ የሚገድለው አነሳሳችን ነው። 18 ኪሎ የሞላ ቦርሳ በአንድ ማንገቻ መንጭቆ ትከሻ ላይ መወርወር፣ ለሁለት የተሠራውን ጭነት በድንገት ለአንዱ መስጠት ነው። መሃል አናቱ ላይ ያለችው አጭር እጀታ የተሰፋችው ለዚሁ ነው። በእሷ ይዞ ጉልበት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ክንድን ማስገባት።

መቀመጫው ላይ የሚታየው ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። ድስት ወይም የምድጃ ጠርዝ ከታች ተቀምጦ ቦርሳው ድንጋይ ላይ ሲወርድ፣ ጨርቁ በሁለት ጠንካራ ነገሮች መካከል ይፈጫል። 500 ዴኒየርም ቢሆን ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። የመኝታ ከረጢቱን ከታች፣ ብረታ ብረቱን ወደ መሃል፣ ከጀርባ ጠጋ አድርጎ መጫን የጨርቁን ውፍረት እጥፍ ከማድረግ የበለጠ ይረዳል። የጎን ኪሶች መረብ ከሆኑ እሾህ አይምራቸውም፤ ቁጥቋጦ ባለበት የሚሄድ ሰው ድፍን ጨርቅ ይምረጥ።

ዚፕ ላይ ያለው ቁጥር ሲዘጋ የጥርሱ ስፋት በሚሊሜትር ስንት ግድም እንደሆነ ይናገራል። ለዋናው መክፈቻ 8 ወይም 10፣ ለትናንሽ ኪሶች 5 ይበቃል። 3 ቁጥር ጭነት ባለበት ቦታ ላይ መግባት የለበትም። ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ከኋላው እየተከፈተ ካስቸገረ፣ ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው፣ ያረጀው በጥርሱ ላይ የሚንሸራተተው የዚፑ ራስ ነው። አሸዋና አቧራ ውስጡን ፍቆት ሰፍቷል። የዚህን ራስ የኋላ ጫፍ ግራና ቀኝ በፒንሳ በጣም በትንሹ ጨመቅ አድርጎ መሞከር፣ ካልያዘ እንደገና በትንሹ። አንዴ ከልክ ያለፈ ጭመቃ ይሰብረዋል። ይህ ከጉዞ ለመመለስ የሚያበቃ መላ ነው፤ ቤት ሲደረስ በጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ተመሳሳዩን መቀየር ይሻላል።

ዘለበት በጭነት አይሰበርም ማለት ይቻላል። የሚሰበረው መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲረገጥ ወይም የመኪና በር ሲዘጋበት ነው፣ ብርድ ላይ ደግሞ ይባስ። የወገቡ ቀበቶ ዘለበት ከተሰበረ የሸክሙ ሁሉ ክብደት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስፋቱን በሚሊሜትር ለክቶ፣ ማሰሪያው የሚያልፍበት ዘንግ መሃሉ የተከፈለና ማሰሪያውን ያለ ስፌት የሚያስገባ አንድ መለዋወጫ መያዝ ብልህነት ነው።

ለተቀደደ ጨርቅ፦ ዙሪያውን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ የተረፉ ክሮችን መቁረጥ፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2.5 ሴንቲሜትር የሚተርፍ የሚጣበቅ እራፊ መቁረጥ፣ ማዕዘኖቹን ማክበብ። ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል። ከውስጥም ከውጭም ቢለጠፍ ይጠናል። ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ላይ ግን ተራው ማጣበቂያ አይይዝም፤ የሲሊኮን ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። የተለቀቀ ማንገቻ ከሆነ ወፍራም የፖሊስተር ክር ይዞ፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ወደ ኋላ እየተመለሱ መስፋት። አዲስ ቀዳዳ ባነሰ ቁጥር ጨርቁ ይቆያል።

ረጥቦ ተጠቅልሎ ሞቃት ቦታ የተቀመጠ ቦርሳ ሌላ በሽታ ይይዘዋል። የውስጡ የፖሊዩሬቴን ቅብ በእርጥበትና በሙቀት እየፈረሰ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ያኔ ዝናብ አይከለክልም እንጂ ክሩ ደህና ስለሆነ ቦርሳው ሸክም ይይዛል። ዕቃውን ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ መጫን ነው፤ አዲስ ቦርሳ ቢሆንም በስፌቱ በኩል ውኃ ስለሚገባ ይህ ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው። ማጠቢያ ማሽን አይግባ። በለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ።

ፀሐይ የበላውን ግን ማንም አያድነውም። ቀለሙ የገረጣውን ክዳን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት። ክሩ ጠጠጥ እያለ ከተለያየ መርፌ አታስገቡበት፣ ቀዳዳው ራሱ መቀደጃ ይሆናል። ዘለበቶቹን፣ የዚፑን ራሶችና ደህናዎቹን ማሰሪያዎች ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ የማሰሪያውን ጫፍ በክብሪት አቅልጡት፣ እንዳይተረተር።