አንድ ዛፍ ይበቃል፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር የመጸው ውሎ

ዘንድሮ መጸው ሲገባ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ከልጆቼ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። ሩቅ አንሄድም። አንድ ዛፍ እንመርጣለን፣ ባዶውን እስኪቀር ድረስ እየተመላለስን እናየዋለን። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት። ገና አልጨረስንም፤ እስካሁን የያዘልንንና ያልያዘልንን ግን ላካፍላችሁ።

ለምን አንድ ዛፍ? የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ ለማንም አይሆንም። ሁለት እርምጃ ትሄድና ቁጭ ትላለች። ጠጠር ታነሳለች፣ ጉንዳን ትከተላለች። እኔ "ነይ እንጂ" ስል፣ እሷ ስታለቅስ ቀኑ ይመሻል። የምንሄድበት ቅርብ ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያጣድፍም። ለትልቁ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ያንኑ ቅርንጫፍ ደጋግሞ ስለሚያይ "ይሄ ባለፈው አረንጓዴ ነበር!" የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ ማሳየት አይጠበቅብኝም።

ስትመርጡ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ይሁን። ጥድ ለዚህ አይሆንም፣ አብዛኛው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ልጅ በእጁ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለው ደግሞ ሎተሪ እንደወጣላችሁ ቁጠሩት።

"ማነው የቀባው?" የሚለው ጥያቄ ሳይውል ሳያድር መጣ። እኔም አነበብኩ። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ጉልበት ወስዶ ለዛፉ ምግብ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ቀኑ እያጠረና አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ይተዋል፣ የነበረውም ይፈርሳል። ያኔ ሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫና ብርቱካንማ ብቅ ይላል። ካሮቲኖይድ ይባላል፣ ካሮትን ካሮት ያስመሰለው ቀለም ከዚሁ ወገን ነው። ቀዩ ግን ይለያል። አንቶሲያኒን የሚባለውን ቀይ፣ ብዙ ዛፎች በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር በዚሁ ወቅት እንደ አዲስ ይሠሩታል። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ግን ውርጭ የሌለበት ሲሆን ይበልጥ ይደምቃል።

ለልጁ ያልኩት ከዚህ ሁሉ አንዷን ነው፦ "ቢጫው ድሮም ነበረ፣ አረንጓዴው ጋርዶት ነው።" አላመነኝም። ስለዚህ ገና አረንጓዴ የሆኑ ቅጠሎች ሰብስበን ቤት ገባን። ቅጠሉን ብጭቅጭቅ አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረ። የቁስል ማጽጃ አልኮል ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አልኮል እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ ምድጃ አጠገብ አይደረግም፤ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ፈሳሹ አረንጓዴ ሲሆን የቡና ማጥለያ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠን ጫፉን ነከርን። ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ ከአረንጓዴው ተለይቶ ቢጫ መስመር ታየ። ልጄ ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳየ። ትንሿ በዚህ ጨዋታ የለችበትም፣ ብርጭቆ መገልበጥ ብቻ ነው የፈለገችው።

ከሁሉ የወደድኩትን ነገር ያገኘሁት ግን ቅርንጫፉ ላይ ነው። ቅጠል የሚወድቀው ነፋስ ስለገነጠለው ብቻ አይደለም። ዛፉ ራሱ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚያያዝበት ቦታ ላይ በቀላሉ የሚለያይ ስስ ሽፋን ያበጃል፣ ቁስሉንም ይደፍነዋል። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ቦታው ላይ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል። ከጠባሳው ከፍ ብላችሁ እዩ፤ የሚቀጥለው ወቅት እምቡጥ ከወዲሁ ተቀምጧል። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ለዚህ አውጡት። የስድስት ዓመት ልጅ ጠባሳና እምቡጥ እያጣመረ ሲፈልግ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ወላጅ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል!

ቅጠል ላይ ወረቀት አድርጎ በከለር እያሹ ስለሚወጣው የቅጠል ሥዕል ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ብቻ ጅማቱ የጎላበት የጀርባው ገጽ ወደ ላይ ይሁን፣ ወረቀቱ ስስ ይሁን፣ የሰም ከለሩ በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ይታሸት። ለትንሽ ልጅ ቅጠሉንም ወረቀቱንም በፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ማጣበቅ ነው፤ አለዚያ ሁሉም ይሸሻል።

"እነዚህን ፈልጉ" የሚሉትን የታተሙ ዝርዝሮች ግን አልወደድኳቸውም። ትንሿ አይገባትም፣ ትልቁ ደግሞ ውድድር ያደርገዋል፤ ምልክት አድርጎ ያልፋል እንጂ አያይም። እኔ አንድ ቅጠል በእጃቸው እሰጥና "እህቱን ፈልጉለት" እላለሁ። በቀለም ይሁን በቅርጽ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሁለቱንም እኩል የያዘ ጨዋታ ይሄ ብቻ ነው።

ሌላው የሠራልን ጥላ ነው። ከዛፉ ትንሽ ራቅ ብለን፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ዱላ ተክለን፣ በሄድን ቁጥር በተመሳሳይ ሰዓት የጥላውን ጫፍ በድንጋይ እናመለክታለን። ፀሐይ በየሳምንቱ ዝቅ ስለምትል የቀትር ጥላ እየረዘመ ይሄዳል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ለሆናችሁ መጸው የሚገባው ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ገደማ ነው፤ በስተደቡብ ላላችሁ መጸው የሚገባው ማርች 20 ገደማ ነው። በመሃል የሰዓት አቆጣጠር ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚቀየርበት አገር ውስጥ ካላችሁ ልዩነቱን አስቡ፣ ድንጋዮቹ እንዳይዘባረቁ።

ሲዘንብም እንወጣለን። ትርፍ ካልሲ ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይቻላል። እርጥብ ቅጠል ገለጥ ስታደርጉ የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ጥንዚዛ ይገኛል። አንዳንድ የምድር ትሎች የወደቀ ቅጠል እየጎተቱ ጉድጓዳቸው ያስገባሉ፤ አፈር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቅጠል ካያችሁ ምናልባት የእነሱ ሥራ ነው። አይቶ መልሶ መሸፈን ሕጋችን ነው።

ከጥድ ሥር የወደቀውን ባለ ቅርፊት ፍሬም ሞክሩት። ሲደርቅ ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይዘጋል። ከዛፉ ከወደቀ በኋላም ይሠራል። ትንሿ በዚህ ተማርካለች፣ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታየው ሳህኑን ነው።

በጥንቃቄ በኩል ፍንክች የማልልባቸው ነገሮች አሉ። እንጉዳይ በዓይን ብቻ ነው፣ አይነካም፣ አይቀመስም። ትንንሽ ፍሬዎች ከሦስት ዓመት ልጅ ኪስ ይወጣሉ፣ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራሉና። ሆርስ ቼስትነት የሚባለው የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፍሬ ለዓይን ያምራል፣ ሲበላ ግን መርዝ ነው። መዥገር ባለበት አካባቢ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጆሮ ሥርና ከፀጉር ውስጥ ፈልጉ።

አሁን የያዝነው ኦክ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ እንጨምራቸዋለን። ብዙውን ጊዜ ደህናው ይሰምጣል፣ ትል የበላው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ውስጡ ያደገው የነቀዝ እጭ በስቶ የወጣበት ነው። የሰመጡትን ዕቃ ውስጥ አፈር አድርገን ውጭ ልንተክላቸው ነው። አንዳንድ የኦክ ዓይነቶች በዚያው በመጸው ሥር ይሰዳሉ፣ ሌሎቹ የክረምት ቅዝቃዜ ሳያልፍባቸው አይበቅሉም። ስለዚህ ቶሎ ባይበቅል አንጥለውም። ሽኮኮ እንዳይቆፍረው ላዩን በሽቦ ወንፊት እንሸፍናለን፣ ወንፊቱን ማሰር የትልቁ ሥራ ነው፣ ውሃ ማጠጣት የትንሿ።