አንድ ጉበት፣ ብዙ ሐኪም

አባቴ ጉበቱ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ካንሰር ሲገኝበት የመጀመሪያው ሐኪም "ቀዶ ጥገና አይቻልም" አለን። በቃ። ለምን እንደማይቻል አልነገረንም። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም።

ኋላ ጉዳዩ ለቡድን ቀረበ። የጉበት፣ የቀዶ ጥገና፣ የካንሰርና የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ተሰብስበው ሲቲ ስካኑን አብረው አዩት። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ብዙ ጊዜ የጉበት ካንሰር ሁለት በሽታ ነው። ካንሰሩ አለ። ከሥሩ ደግሞ ጠባሳ የሞላው፣ የደከመ ጉበት አለ። አባቴን ለዚህ ያበቃው ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ ነው። እጢው ትንሽ ቢሆንም፣ ተቆርጦ ቢወጣ የሚተርፈው ጉበት ሥራውን አይችለውም ነበር።

የጉበት ንቅለ ተከላም ተነሥቶ ነበር። ለንቅለ ተከላ ማን እንደሚበቃ በሚለዩበት በሚላን መስፈርት አንድ እጢ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይፈቀዳል። የአባቴ ልብ ግን አይችለውም ተባለ።

መፍትሔው የመጣው ከራዲዮሎጂስቱ ነው። "በመርፌ ገብቼ እጢውን በሙቀት አቃጥለዋለሁ" አለ። የጉበት ሐኪሟ ደግሞ የቫይረሱን መድኃኒት ቶሎ አስጀመረችው።

ከሁሉም የማልረሳት ግን ነርሷን ነው። ቀጠሮዎቹን የምታገናኘው እሷ ነበረች። ማታ ስደውልላት ታነሣለች። "አባባ ዛሬ በሉ?" ብላ ትጠይቃለች። አባቴ እስካሁን "ልጄ" ነው የሚላት።

ቀጣዩ ሲቲ ስካን ከ3 ወር በኋላ ነው።