ድንበሩን ያስያዘችው ትንሿ ናት

ኢንተርኔት ላይ ትሪሎባይት፣ ማለትም ድሮ የጠፋ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ቅሪት፣ ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ኤልራቲያ ኪንጊ ነው። ከአሜሪካ ዩታ፣ ዊለር ፎርሜሽን ከሚባለው ድንጋይ የምትወጣ፣ ጥቁር፣ ቅርጿ ጥርት ያለ ቅሪተ አካል ናት። እንደ ልብ ስለምትገኝ ርካሽ ናት፤ የአንገት ጌጥ ሁሉ ይሠሩባታል።

እኔ ማውራት የፈለግኩት ግን እዚያው ዊለር ውስጥ ስላለችው፣ ዞር ብሎ የሚያያት ስለሌላት ፕቲካግኖስተስ አታቩስ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ብትሆን ነው። ዓይን የላትም። ደረቷ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ጭንቅላትና ጅራቷ ደግሞ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ለጀማሪ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ መለየት ራስ ምታት ነው። እንዲያውም አግኖስቲዶች፣ ማለትም የእሷ ወገኖች፣ ትሪሎባይት መባል የለባቸውም የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ዓለም ግን የምድርን የጥንት ዘመን ድንበር ያስያዘው እሷን ነው።

ካምብሪያን ከ539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጀመረ፣ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ዘመን ነው፤ በ10 እርከን ይከፈላል። ለአንድ እርከን መነሻ ከመላው ዓለም አንድ ቦታ ይመረጥና፣ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ የወሰን ድንጋይ እንደሚተክለው፣ አንዱ ንብርብር ላይ «ከዚህ በላይ አዲሱ እርከን ነው» ይባላል። የድሩሚያን እርከን መነሻ ዩታ፣ ድረም ተራሮች ላይ፣ ከዊለር ፎርሜሽን ግርጌ 62 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። አታቩስ መጀመሪያ የታየችበት ንብርብር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጸደቀ።

ኤልራቲያስ? እሷ የሰፈር ልጅ ናት። ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ውጭ ብዙም ስለማትታወቅ ቻይና ውስጥ ገደል ፊት ለቆመ ሰው ምንም አትፈይድለትም። አታቩስ ግን ስዊድንም፣ ቻይናም፣ አውስትራሊያም አለች። ደግሞ እነዚህ እንስሳት የሚያድጉት ቅርፊታቸውን እየጣሉ ስለሆነ፣ አንዷ ብቻዋን ብዙ ቅሪት ትታ ታልፋለች።

ስለ ውበት ካነሳን፣ ሌላዋን አግኖስቲድ ግሊፕታግኖስተስ ሬቲኩላተስን በማጉያ መነጽር እዩልኝ። ቅርፊቷ ላይ ቦዮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው መረብ ሠርተዋል። ከእሷ በታች ባሉት ንብርብሮች የሚገኘው ዘመዷ ስቶሊዶተስ እንዲህ ያለ የተሟላ መረብ የለውም። ንብርብሩን እየፈለጡ ወደ ላይ ሲወጡ መረቡ የሚጀምርበት ቦታ፣ ቻይና ሁናን ውስጥ ፓይቢ ላይ፣ የፓይቢያን እርከን ወሰን ነው።

በቅደም ተከተል ቀልድ የለም። አሜሪካዊውን የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቻርለስ ዋልኮትን የመሰለ ሰው እንኳ ኦሌኔለስ የሚባለው ትሪሎባይት የሚገኝበት ድንጋይ ሌላው ትሪሎባይት ፓራዶክሲደስ ካለበት በኋላ የመጣ ይመስለው ነበር። ሁለቱን በተለያየ አገር እያዩ ማን እንደሚቀድም መናገር አይቻልማ! እ.ኤ.አ. በ1888 ኒውፋውንድላንድ (ካናዳ) ሄዶ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ተደራርበው ሲያገኝ ኦሌኔለስ ከታች ሆኖ ተገኘ። ዋልኮትም ሐሳቡን ቀየረ።

ትሪሎባይት ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የታዩት ከ521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ የካምብሪያን መነሻ የተያዘው በትል መሰል እንስሳ የመሬት ውስጥ ዱካ ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹም ሳይቤሪያ ሌላ፣ አሜሪካ ሌላ፣ ቻይና ሌላ ስለሆኑ፣ ሦስተኛው እርከን ለብዙ ዓመታት ስም ሳይወጣለት በቁጥር ብቻ ሲጠራ ቆይቷል።

የአሥረኛው እርከን ጣጣ ደግሞ ይለያል። ለወሰንነት የታጨችው ሎታግኖስተስ አሜሪካነስ የምትባል አግኖስቲድ ነበረች። አንዱ ወገን ከቻይና እስከ ካናዳ ያለችው አንድ ዝርያ ናት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የለም፣ እውነተኛዋ የካናዳ፣ የኩቤኳ ብቻ ናት፣ የቀሩት ሌሎች ዝርያዎች ናቸው ብሎ ኮኖዶንት የሚባሉትን ጥርስ መሰል ቅሪቶች ያቀርባል፤ ድንጋዩ ውስጥ ካለው የካርበን ለውጥም ጋር ይያያዛሉ። እኔ ከኮኖዶንቶቹ ወገን ነኝ። ሊቃውንቱ ራሳቸው አንድ ናት ወይስ ብዙ በሚለው ሳይስማሙ በእሷ ድንበር መትከል አይዋጥልኝም።